‹‹ኖ ሪስፖንስ›› ሲባል ምን ማለት ነው? የሕፃናትን የመስማት ምርመራ ወረቀት ስለ ማንበብ

የሕግ ትምህርት የተማረ ሰው በዘመድም በሰፈርም ዘንድ አንድ ያልተጻፈ ግዴታ አለበት፤ ወረቀት ማንበብ። የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የኪራይ ውል፣ የባንክ ማስጠንቀቂያ፣ ማኅተም ያረፈበት ነገር ሁሉ ይመጣለታል። እኔም አዳማ ላይ ከዚህ አላመለጥኩም። ባለፉት ዓመታት ግን ከሕግ ጋር ግንኙነት የሌለው አንድ ዓይነት ወረቀት ደጋግሞ እጄ ገብቷል፤ ባለሙያዎቹ ‹‹ኤቢአር›› የሚሉት የሕፃናት የመስማት ምርመራ ውጤት። ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ጥምዝምዝ መስመሮች፣ በጎናቸው ቁጥሮች፣ ከሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈች አንዲት የድምዳሜ መስመር። ቤተሰቡ የሚያነባት ያቺኑ አንዷን መስመር ነው። ‹‹ኖ ሪስፖንስ›› ካለች ቤቱ ሐዘን ይገባል፤ ‹‹ኖርማል›› ካለች ስለት ይገባል። ሁለቱም ችኮላ ሊሆን ይችላል።

ሐኪም አይደለሁም። ይሁን እንጂ ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘን ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበት ጉዳይ ስለሆነ፣ ይህንን ወረቀት አንብቤና ባለሙያ ጠይቄ የተረዳሁትን ለአንባቢ ማካፈሉ ጠቃሚ መስሎ ታይቶኛል። ባለሙያውን የሚተካ ሳይሆን ባለሙያው ፊት ቀርቦ ተገቢውን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚረዳ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ምርመራው ምን እንደሚለካ ማወቅ ያሻል። ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ ታምቡሩን ይመታል፤ ከታምቡሩ ጀርባ ባሉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አድርጎ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል ወደ ተጠመዘዘው የውስጥ ጆሮ፣ ወደ ኮክሊያ ይደርሳል። እዚያ ወደ ኤሌክትሪክ መልእክትነት ይለወጥና በመስማት ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ግንድ፣ ከዚያም ድምፁን ወደምንረዳበት የላይኛው የአንጎል ክፍል ያመራል። ኤቢአር የሚከታተለው የዚህን ጉዞ መጀመሪያ ብቻ ነው፤ ድምፁ ከተሰጠ በኋላ ያሉትን 10 ያህል ሚሊ ሰከንዶች፣ በሕፃናት ላይ ደግሞ እስከ 15 እና 20 ሚሊ ሰከንድ። መልእክቱ አንጎል ግንድ ላይ ሲደርስ የምርመራው ሥልጣን ያበቃል። ልጁ ድምፁን ይስማው፣ ይረዳው፣ ያስታውሰው ምርመራው አያውቅም። ነርቮቹ ለድምፁ በአንድነትና በሰዓቱ ምላሽ መስጠታቸውን ብቻ ነው የሚመሰክረው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በልጁ ግንባርና ከጆሮዎቹ ኋላ ትናንሽ ኤሌክትሮዶች ይለጠፋሉ፤ በጆሮው ‹‹ክሊክ›› የሚባል አጭር ድምፅ ወይም የተወሰነ ድግግሞሽ ያለው አጭር ቃና ይለቀቃል። የሚፈለገው የኤሌክትሪክ ምላሽ ከአንድ ቮልት አንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ነው። የልጁ ጡንቻና የአንጎሉ የዘወትር እንቅስቃሴ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አውቶቡስ ተራ መሀል ቆሞ የአንድን ሰው ሹክሹክታ ለማዳመጥ እንደ መሞከር ማለት ነው። ስለዚህ መሣሪያው ድምፁን 1000 እና 2000 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እየደጋገመ አማካዩን ይወስዳል፤ ያለ ሥርዓት የሚመጣው ጫጫታ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት የሚመጣው ምላሽ ግን ይቀራል። ልጁ መተኛት ያለበትም ለዚህ ነው።

በወረቀቱ ላይ የሚታዩትን ጉብታዎች በሮማውያን ቁጥር መሰየም የተለመደው ዶን ጂወትና ጆን ዊሊስተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1971 ካሳተሙት ጥናት ወዲህ ነው። 1ኛው ሞገድ ከመስማት ነርቭ፣ 3ኛው ከታችኛው የአንጎል ግንድ፣ 5ኛው ከዚያ ከፍ ካለው ክፍል ይመነጫሉ። ለቤተሰብ ትልቁ 5ኛው ነው። ድምፁ እየቀነሰ ሲሄድ ሌሎቹ ቀድመው ይጠፋሉ፣ እሱ ግን እየዘገየና እያነሰ እስከ መጨረሻው ይቆያል። መስመሮቹ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩት በድምፁ ኃይል ቅደም ተከተል ነው፤ ለምሳሌ 80፣ 60፣ 40፣ 30 ዴሲቤል። 5ኛው ሞገድ የሚታይበት ዝቅተኛው መስመር የልጁ የምላሽ ወለል ይባላል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ይመጣል፤ በየአንዳንዱ የድምፅ ኃይል ስንት መስመር አለ? በደንብ የተሠራ ምርመራ፣ በተለይ ወለሉ አካባቢ፣ ሁለት ጊዜ ተደግሞ ሁለቱ መስመሮች አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራሉ። ሁለት ምስክሮች ለየብቻ ቀርበው አንድ ዓይነት ቃል ሲሰጡ እንደምናምነው ሁሉ፣ ሁለቱ መስመሮች ሲገጥሙ ሞገዱ እውነት ነው። አንድ ብቻ ከሆነና ከሥሩም መስመሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ዓይን የፈለገውን ጉብታ ያይበታል። በእንግሊዝ ሀገር የባለሙያዎች መመሪያ ለእያንዳንዱ መስመር ከሦስት አንዱን ብያኔ መስጠት ግድ ነው፤ ‹‹ግልጽ ምላሽ አለ››፣ ‹‹ምላሽ የለም›› ወይም ‹‹መወሰን አይቻልም››። ሦስተኛዋን እኔ አብዝቼ እወዳታለሁ። ‹‹ምላሽ የለም›› ለማለት መስመሩ ጸጥ ያለ መሆን አለበት። ልጁ እየተወራጨ የተወሰደ፣ ጫጫታ የበዛበት መስመር ላይ ሞገድ አለመታየቱ ሞገድ የለም ማለት አይደለም። ምስክሩ ሳይሰማ የቀረ ፋይልና ምስክሩ ቀርቦ ‹‹አላየሁም›› ያለበት ፋይል እንደሚለያዩ ማለት ነው። በእጄ ካለፉት ወረቀቶች አብዛኞቹ ላይ ይህቺ ሦስተኛ ብያኔ ፈጽሞ የለችም፤ ወይ አለ፣ ወይ የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ቁጥሩ ራሱ ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው ዴሲቤልና በተራ የመስማት ምርመራ የሚገኘው ዴሲቤል አንድ አይደሉም። በኤቢአር የሚገኘው ወለል አብዛኛውን ጊዜ ልጁ በእርግጥ ከሚሰማበት ይበልጣል፤ ስለሆነም ባለሙያው እንደ ድምፁ ድግግሞሽ እየለየ ጥቂት ዴሲቤል ይቀንሳል። ለሕፃን ልጅ ከ25 እስከ 35 ባለው ላይ ምላሽ መገኘቱ እንደ ድግግሞሹ የደህና ጆሮ ምልክት ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ 30 አይታ ‹‹ሠላሳ በመቶ ደንቁሯል ማለት ነው ወይ ጋሼ?›› ያለችኝ እናት አለች። በመቶኛ የሚነገር ነገር ወረቀቱ ላይ የለም።

ድምፁ ክሊክ ነበር ወይስ ቃና የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ክሊክ ብዙ ድግግሞሾችን በአንድ ላይ የያዘ ድምፅ ሲሆን ምላሹ በአብዛኛው የሚያንፀባርቀው ከ2000 እስከ 4000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን መስማት ነው። በወፍራም ድምፆች በኩል ደህና የሚሰማ፣ በቀጭኖቹ በኩል ግን የማይሰማ ልጅ በክሊክ ብቻ ከተመረመረ ‹‹ኖ ሪስፖንስ›› ሊወጣለት ይችላል። በተቃራኒው በቀጭኖቹ ደህና ሆኖ በወፍራሞቹ ችግር ያለበት ልጅ ‹‹ኖርማል›› ተብሎ ሊሸኝ ይችላል። የመስሚያ መሣሪያ ለማስተካከልማ በየድግግሞሹ የተለየ መረጃ የግድ ነው፤ ቢያንስ 500 እና 2000 ኸርዝ፣ ቢቻል 1000 እና 4000 ጭምር። ከአንዲት ክሊክ ተነሥቶ መሣሪያ ማስገጠም ልብስን በትከሻ ስፋት ብቻ ለክቶ እንደ መስፋት ነው።

የዕድሜ ጉዳይ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ያለ ምክንያት ያስደነገጠ ነው። የአዋቂ ሰው 5ኛ ሞገድ ከፍ ባለ ድምፅ በ5.5 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይታያል፤ የአራስ ልጅ ግን ወደ 7 ይጠጋል። በ1ኛውና በ5ኛው መካከል ያለው ርቀት በአዋቂ 4 ያህል፣ በአራስ 5 ያህል ሚሊ ሰከንድ ነው። ነርቮቹ ገና ሽፋናቸውን እያገኙ ስለሆነ መልእክቱ ቀስ ብሎ ይጓዛል፤ እንደ አዋቂ የሚሆነው 2 ዓመት ሲጠጋ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ከዚህም ይዘገያል፤ ዕድሜው የሚቆጠረውም ሊወለድ ይገባው ከነበረበት ቀን ነው። እንግዲህ የሦስት ወር ልጅ ወረቀት ላይ ‹‹ዘግይቷል›› የሚል ቃል ካያችሁ፣ ከማን ጋር ተነጻጽሮ ነው ብላችሁ ጠይቁ።

በልጆች ዘንድ እጅግ የተለመደው ደግሞ ከታምቡር ጀርባ የሚጠራቀም ፈሳሽ ነው። ጉንፋን ተከትሎ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም በራሱ ይሄዳል። ፈሳሹ ባለበት ወቅት የተሠራ ኤቢአር ወለሉን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ 1ኛውም 5ኛውም ሞገዶች እኩል ይዘገያሉ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን አይለወጥም። ይህ ዓይነት ወረቀት ችግሩ በር ላይ እንጂ ሳሎን ውስጥ እንዳልሆነ ይጠቁማል። ለማረጋገጥ የታምቡሩን እንቅስቃሴ የሚለካው ቲምፓኖሜትሪና ድምፁን በጆሮ ሳይሆን ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት በኩል የሚሰጠው ኤቢአር ይሠራሉ። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ቲምፓኖሜትሪው በ1000 ኸርዝ ካልተሠራ ሊያሳስት እንደሚችል መጥቀሱም አይከፋም።

አሁን ወደ ርዕሱ ልመለስ። ጸጥ ባለ መስመር፣ በተደጋጋሚ፣ በመሣሪያው የመጨረሻ ኃይል፣ ማለትም በ90 እና በ100 ዴሲቤል አካባቢ 5ኛ ሞገድ አልታየም እንበል። ‹‹ኖ ሪስፖንስ›› በትክክል ተጽፏል። ትርጉሙ ምንድን ነው?

አንደኛው ትርጉም ቤተሰቡ የሚፈራው ነው፤ ልጁ ከፍተኛ የመስማት ችግር አለበት። ይህም ቢሆን ምንም አይሰማም ማለት አይደለም። መሣሪያው ከመጨረሻ ኃይሉ በላይ መሄድ አልቻለም እንጂ ከዚያ በላይ፣ ወይም በወፍራም ድምፆች በኩል፣ የተረፈ መስማት ሊኖር ይችላል። ያ የተረፈው በመስሚያ መሣሪያ ተሞክሮ ይታያል፤ ካልበቃም ስለ ኮክሊያ ተከላ መነጋገር ይቻላል።

ሁለተኛው ትርጉም ጨርሶ ሌላ ነው። ኮክሊያው ደህና እየሠራ የነርቮቹ ምላሽ ግን የተበታተነባቸው ልጆች አሉ። ወታደሮቹ ሁሉ እየተራመዱ ነው፣ እርምጃቸው ግን አልገጠመም፤ ኤቢአር ደግሞ የሚያየው የገጠመ እርምጃን ብቻ ነው። አርኖልድ ስታር የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ‹‹ኦዲቶሪ ኒውሮፓቲ›› ብለው የሰየሙት ይህንን ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ኤቢአሩ ባዶ ሆኖ ሳለ ድምፅ ሊሰማ ይችላል፤ የሚያስቸግረው ንግግርን መለየቱ ነው። ምን ያህል እንደሚሰማ ከወረቀቱ መገመት ፈጽሞ አይቻልም። ችግሩ በብዛት የሚታየው በተወለዱ በቀናት ውስጥ ክፉኛ ቢጫ በሆኑ፣ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱና በምጥ ጊዜ በታፈኑ ሕፃናት ላይ ነው። የእነዚህ ሁኔታዎች ታሪክ ያለው ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

መለያው ምንድን ነው? ኮክሊያ ድምፅ ሲቀበል ራሷም ደካማ ድምፅ መልሳ ታወጣለች፤ ይህንን የሚለካው ‹‹ኦኤኢ›› የሚባል የጥቂት ደቂቃ ምርመራ ነው። ኦኤኢ አለ፣ ኤቢአር የለም ከሆነ ወደዚህ ችግር ያመለክታል። ኦኤኢ ከጊዜ ብዛት ሊጠፋ ስለሚችልም ሁለተኛ መለያ አለ፤ ክሊኩን አንድ ጊዜ በግፊት፣ አንድ ጊዜ በስበት አቅጣጫ ለየብቻ መስጠት። ከኮክሊያ የሚመጣው ምልክት አቅጣጫው ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል፤ የነርቭ ሞገድ ግን አይገለበጥም። ሁለቱ አቅጣጫዎች በአንድ መስመር እየተፈራረቁ ከተሰጡ ምልክቱ ይጣፋና ማስረጃው ይጠፋል። ስለዚህ ‹‹ኖ ሪስፖንስ›› የሚል ወረቀት ይዞ፣ ኦኤኢም ቲምፓኖሜትሪም ሳይሠራለት ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ ምርመራው አልተጠናቀቀም ባይ ነኝ።

‹‹ኖርማል›› የሚለውም የራሱ ጣጣ አለው። ምርመራው ከአንጎል ግንድ በላይ ስለማያይ፣ ኤቢአሩ ደህና ሆኖ አፉን ያልፈታ ልጅ ኦቲዝምን ወይም ሌላ የዕድገት መዘግየትን በሚያውቅ ሐኪም መታየት አለበት። በተወለደ ጊዜ ደህና የነበረ ጆሮም በኋላ ሊጎዳ ይችላል፤ በዘር ምክንያት፣ በእርግዝና ጊዜ በተላለፈ ቫይረስ፣ በጀንታማይሲን ዓይነት መድኃኒት፣ በማጅራት ገትር። ማጅራት ገትርን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። ከበሽታው በኋላ ኮክሊያው በሳምንታት ውስጥ ወደ አጥንትነት መለወጥ ሊጀምር ስለሚችል፣ የዳነ ልጅ ሁሉ ‹‹ይጠንክርና እንወስደዋለን›› ሳይባል ጆሮው ወዲያው መመርመር አለበት።

እኛ ዘንድ ‹‹ቆይ እንይ›› የሚያሰኙ ምክንያቶች ሞልተዋል። ‹‹አባቱም በሦስት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው››፣ ‹‹ወንድ ልጅ ይዘገያል››። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች ደግሞ አንድ ተጨማሪ አለ፤ ‹‹ቤት አፋን ኦሮሞ፣ ውጭ አማርኛ እየሰማ ግራ ገብቶት ነው››። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያደነቁርም፣ እንዳይናገርም አያደርግም። የድስት ክዳን ከጀርባ ማንኳኳቱም ማስረጃ አይሆንም። ልጁ የወለሉን ንዝረት ይሰማዋል፣ ጥላ ያያል፣ የእናቱን ፊት ያነባል። ከ6 ወር ገደማ ጀምሮ ድምፅ ወደመጣበት ሲዞር በሚበራ አሻንጉሊት፣ ወደ 3 ዓመት ሲጠጋ በጨዋታ መስማቱን በቀጥታ መለካት ይቻላል፤ ኤቢአርም ውሎ አድሮ በዚህ መረጋገጥ ይኖርበታል።

የጊዜው ነገር ቀልድ አይደለም። ክሪስቲን ዮሺናጋ ኢታኖና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 በኮሎራዶ ያሳተሙት ጥናት፣ ችግራቸው ከ6 ወር በፊት የታወቀላቸው ልጆች ዘግይቶ ከታወቀላቸው ይልቅ በቋንቋ እጅግ የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። በ1 ወር ልየታ፣ በ3 ወር ምርመራ፣ በ6 ወር እርዳታ የሚለው ዓለም አቀፍ መለኪያ የተቃኘው በዚህ መንፈስ ነው። አሜሪካ የሚወለዱ የዘመዶቻችን ልጆች አብዛኞቹ ከሆስፒታል ሳይወጡ ጆሯቸው ይታያል። እኛ ሀገር ለአራስ ሁሉ የሚደረግ ልየታ የለም፤ ኤቢአርን የመሰለው አገልግሎትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ተከማችቷል።

በዚህ ምክንያት የባቱ፣ የመቂ፣ የአርሲ ነገሌና የሻሸመኔ ልጆች ምርመራቸው የሚጀምረው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ችግሩም እዚያው ነው የሚፈጠረው። ልጁ በሌሊት ይነሣል፣ መኪናው ሲነቃነቅ ድብን ብሎ ይተኛል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ እንቅልፉን ጠግቦ ዓይኑን ያፈጣል። ምርመራው አይሠራም፤ ወይም ማስተኛ መድኃኒት ይታዘዛል፤ ወይም፣ ከሁሉ የከፋው፣ እየተወራጨ ይሠራና ጫጫታ የበዛበት ወረቀት ይወጣል። ማስተኛ መድኃኒት ውጤቱን ብዙም አይለውጠውም፣ ግን ሕፃኑን እየተከታተለ የሚጠብቅ ባለሙያና ከምግብ መቆጠብን ይጠይቃል። ከ6 ወር በታች ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያለ መድኃኒት ይተኛል። የሚበጀው ከዋዜማው ማደር፣ ካልተቻለም ከሞጆ ወዲያ ልጁን በጨዋታም በዘፈንም ነቅቶ እንዲቆይ ማድረግ፣ ማስተኛ እንደማይሰጠው አስቀድሞ ከተነገረ ደግሞ ጡቱን እዚያው ምርመራ ክፍሉ ደጃፍ ላይ መስጠት ነው። ስትወጡም ድምዳሜዋን ብቻ ሳይሆን መስመሮቹ ያሉበትን ገጽ ሁሉ ቅጂ ጠይቁ። ሌላ ባለሙያ እንደገና ሊያነበው የሚችለው መስመሮቹን እንጂ ድምዳሜዋን አይደለም፤ ዳግም የመንገድ ወጪም ይተርፋል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 340፣ መስማትና መናገር የተሳነው ሰው ራሱን መጠበቅ ወይም ንብረቱን ማስተዳደር ካልቻለ ለአእምሮ ሕሙማን የተደረገውን ጥበቃ መጠየቅ እንዲችል ፈቅዷል። ሐሳቡ ጥበቃ ነው። ነገር ግን መስማት የተሳነውን ከአእምሮ ሕሙማን ጋር አንድ መጠለያ ውስጥ ያስገባው ጆሮው ሳይሆን በጊዜው ቋንቋ ሳይሰጠው ማደጉ እንደነበር አስባለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁም ግዴታ ጥሎበታል፤ በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 24 የምልክት ቋንቋ መማር እንዲመቻች ያዛል።

ይህንን የምጠቅሰው ቤተሰቦች ከወረቀቱ በኋላ ‹‹የምልክት ቋንቋ ካስተማርነው መናገር ይቀርበታል›› እያሉ ዓመታት ሲያባክኑ ስለማይ ነው። መሣሪያው እስኪመጣ፣ ተከላው እስኪወሰን፣ ሁለተኛው ኤቢአር እስኪሠራ ልጁ ያለ ቋንቋ መቆየት የለበትም። አዲስ አበባ መካኒሳና ሆሳዕና ያሉት መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤቶች የብዙ ዓመት ልምድ አላቸው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ሲያስተምር ቆይቷል። ችግሩ ሁለቱም ከባቱ ሩቅ መሆናቸው ነው።

መሣሪያ የሚገጠምለት ልጅ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ። ውጭ ያለ ዘመድ የላከው መሣሪያ፣ ያውም ለሌላ ሰው ጆሮ የተስተካከለ፣ እንዲሁ አይሰካም፤ በልጁ ወረቀት ላይ ባሉት ቁጥሮች መሠረት እንደገና መስተካከል አለበት። በጆሮው ልክ የሚሠራው ማስገቢያም ልጁ ባደገ ቁጥር ይጠበዋል፣ ማፏጨት ይጀምራል፤ በመጀመሪያው ዓመት በየጥቂት ወሩ መቀየር ስለሚያስፈልግ የመንገድ ወጪው ከመሣሪያው ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት።